ታንክ ውስጥ ለሚጠልቅ የነዳጅ ፓምፕ ትክክለኛውን ቱቦ መምረጥና መግጠም

አዲስ የነዳጅ ፓምፕ የተገጠመለት መኪና ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና ጉልበት ሲያጣ መጀመሪያ የሚወቀሰው ፓምፑ ነው። ታንኩ ተከፍቶ ሲታይ ግን ብዙ ጊዜ ፓምፑ ደህና ነው፤ የተበላሸችው ከፓምፑ አፍ ተነስታ ክዳኑ ላይ ካለው የብረት ቱቦ ጋር የምትገናኘው አጭር የላስቲክ ቱቦ ናት። አብጣለች፣ ለስልሳለች ወይም በርዝመቷ ተሰንጥቃለች። ሻጩ «የነዳጅ ቱቦ ነው» ብሎ ሰጥቷል፤ ቱቦው ላይም ለነዳጅ መሆኑ ተጽፏል። ሁለቱም እውነት ናቸው። ሆኖም ነዳጅ የሚያሳልፍ ቱቦ ሁሉ ነዳጅ ውስጥ ተዘፍቆ መኖር አይችልም፤ ምርጫው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ተራው ቱቦ ታንክ ውስጥ ምን ይሆናል?

የነዳጅ ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ንብርብር አለው። ውስጠኛው ነዳጁን የሚነካው ላስቲክ ነው፤ መካከለኛው ግፊቱን የሚሸከም የክር ጥልፍ ነው፤ ውጨኛው ደግሞ ሽፋኑ ነው። ሞተር ክፍል ውስጥ ለሚሠራ ቱቦ ሽፋኑ የተዘጋጀው ለሙቀት፣ ለፍትጊያ፣ ለአየርና አልፎ አልፎ ለሚረጭ ዘይት ነው። ለወራትና ለዓመታት ቤንዚን ውስጥ እንዲቀመጥ ታስቦ አልተሠራም።

ታንክ ውስጥ ሲገባ ሽፋኑ ነዳጁን ይመጥጣል፣ ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ላስቲኩን ተለማጭ ያደረጉት ቅመሞችም ቀስ በቀስ ወደ ነዳጁ ይወጣሉ። የነዳጁ መጠን ወርዶ ቱቦው ሲደርቅ ላስቲኩ ይጠነክራል፣ ይሰነጠቃል። ታንኩ ሲሞላ እንደገና ያብጣል። የተቆረጠው ጫፍም ደካማ ቦታ ነው፤ ነዳጅ በክር ጥልፉ በኩል ገብቶ ንብርብሮቹን ያላቅቃቸዋል። ከሽፋኑ የሚረግፈው ጥቁር ፍርፋሪ ወደ ታንኩ ወለል ይወርድና የፓምፑን ወንፊት ይዘጋል፤ ያኔ ፓምፑ ራሱ በሌላው ጥፋት ይሞታል። ቱቦው ሲለሰልስ ደግሞ ፋሼታው (ቱቦውን አፉ ላይ አጥብቆ የሚይዘው ቀለበት) የያዘው ላስቲክ ስለሚሸሽ መያዣው ይላላል፤ በግፊት ጊዜ ቱቦው ከአፉ ሊወጣ ይችላል።

ችግሩን አስቸጋሪ የሚያደርገው የሚፈሰው ነዳጅ ተመልሶ እዚያው ታንክ ውስጥ መግባቱ ነው። መሬት ላይ ጠብታ አይታይም፣ ሽታም አይጨምርም። ሹፌሩ የሚያየው ሞተሩ ለመነሳት ብዙ እንደሚሽከረከር፣ ቀስ ብሎ ሲነዳ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ ወይም ነዳጅ ሲሰጠው እንደሚንቀጠቀጥና እንደሚደክም ነው። ፓምፑ እየሠራ ስለሆነ ድምፁ ይሰማል፤ የግፊት ጌጅ ካልተገጠመ በቀር ስህተቱ አይታወቅም።

ቱቦው ላይ የተጻፈውን ማንበብ

የአሜሪካው የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር፣ በምህጻሩ ኤስ ኤ ኢ፣ የነዳጅ ቱቦዎችን ጄ30 በሚባል ደረጃ ይመድባል። ቱቦው ላይ ብዙውን ጊዜ «30 አር» ከሚለው ቀጥሎ አንድ ቁጥር ይታተማል። ያ ቁጥር የማዕረግ ሳይሆን የሥራ ዓይነት መለያ ነው። አር14 ከአር10 የተሻለ ነው ብሎ የሚገዛ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

አር6 እና አር7 ለካርቡሬተር መስመር፣ ለመመለሻና ለትነት መስመር የሚያገለግሉ ዝቅተኛ ግፊት ቱቦዎች ናቸው፤ በተለመዱት መጠኖች የሥራ ግፊታቸው 50 ፒ ኤስ አይ፣ ማለትም 3.4 ባር ገደማ ነው። አር14 የነዳጅ ትነት በግድግዳው በኩል እንዳያመልጥ የተሻሻለ ሲሆን እሱም ለዝቅተኛ ግፊት ነው። አር9 የኢንጀክሽን፣ ማለትም ነዳጅን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚረጭ ሥርዓት፣ ቱቦ ነው፤ ውስጡ ፍሎሮኤላስቶመር ከሚባለው፣ ብዙዎች ቫይተን እያሉ ከሚጠሩት ላስቲክ የተሠራ በመሆኑ ግፊትንም ኢታኖል የተቀላቀለበትን ቤንዚንም ይችላል። አር10 ደግሞ ታንክ ውስጥ ለሚጠልቅ ሥራ የተመደበው ነው፤ ውስጡም ውጩም ነዳጅ በሚቋቋም ላስቲክ የተሠራ ሲሆን የሥራ ግፊቱ 100 ፒ ኤስ አይ፣ ማለትም 6.9 ባር ገደማ ነው።

ብዙ ሰው የሚያታልለው አር9 ነው። «ፊውል ኢንጀክሽን» የሚል ጽሑፍ አለው፣ ከተራው ይወደዳል፣ ግፊቱንም በሚገባ ይችላል። ሆኖም ጥሩው ላስቲክ ያለው በውስጥ በኩል ብቻ ነው፤ ሽፋኑ ለመጥለቅ አልተሠራም። ስለዚህ ግፊቱ በቃ ማለት ቱቦው በቃ ማለት አይደለም። በተቃራኒው ከ3 እስከ 7 ፒ ኤስ አይ ብቻ የሚሰጥ የካርቡሬተር ፓምፕም ታንክ ውስጥ ከሆነ አር10 ያስፈልገዋል፤ ቱቦውን የሚያበላሸው ግፊቱ ሳይሆን መዘፈቁ ነው።

በጀርመን ደረጃ ዲን 73379 የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ቱቦዎችም በገበያ በብዛት ይገኛሉ። ይህ ምልክት ብቻውን ቱቦው ለመጥለቅ መሠራቱን አይናገርም፤ አምራቹ «ሰብመርሲብል» ወይም «ኢን ታንክ» ብሎ በግልጽ ካልጻፈበት ታንክ ውስጥ አያስገቡት።

አር10 ብዙውን ጊዜ በአጭር ቁራጭ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ይሸጣል፤ ከተራው ቱቦም በብዙ እጥፍ ይወደዳል። ዋጋው የላስቲኩ ዋጋ ነው። ከጥቅል ተቆርጦ ጽሑፉ የሌለበት ክፍል ከደረሰዎት ጽሑፉ የሚታይበትን ክፍል አስቆርጠው ይውሰዱ። በእጅ መዳሰስ አያረጋግጥም፤ አር7ም አር10ም ጥቁር፣ ልሙጥ ላስቲክ ናቸው።

ጥርጣሬ ካደረብዎት 3 ሴንቲ ሜትር ቆርጠው ውጨኛ ዲያሜትሩን በካሊፐር ይለኩና ክዳን ባለው የመስታወት ወይም የብረት ዕቃ ውስጥ ቤንዚን ሞልተው፣ ከእሳትና ከሰው መኖሪያ ርቆ፣ ለአንድ ሳምንት ያስቀምጡት። ሽፋኑ በግልጽ ካበጠ፣ ጣት ላይ ጥቁር ከለቀቀ ወይም ቤንዚኑን ካጠቆረው ታንክ ውስጥ የሚገባ አይደለም። ይህ መጥፎውን ለመለየት ይረዳል እንጂ ያልታወቀ ቱቦን ጥሩ ነው ብሎ ለማጽደቅ አይበቃም።

ሲሊኮን ቱቦ፣ ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ፣ የቫኪዩም ቱቦና የራዲያተር ቱቦ ከነጭራሹ አይታሰቡም። ሲሊኮን ሙቀት ስለሚችል ጠንካራ ይመስላል፤ ቤንዚን ውስጥ ግን በጣም ያብጣል። ግልጹ ፕላስቲክ ሲገጠም ለስላሳ ነው፤ ቆይቶ ደርቆ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል።

ፋብሪካው ፕላስቲክ ቱቦ ገጥሞ ከሆነ

በብዙ አዳዲስ መኪኖች ፓምፑን ከክዳኑ ጋር የሚያገናኘው ላስቲክ ሳይሆን እንደ አኮርዲዮን የተጨማደደ የናይሎን ወይም የቴፍሎን ቱቦ ነው። ነዳጅ ውስጥ ረጅም ዕድሜ አለው፣ በቀላሉም ይተጣጠፋል። ችግሩ አንዴ ከተነቀለ በኋላ ጫፉ ስለሚሰፋ ሁለተኛ ጊዜ በደንብ አለመያዙ ነው። ምትኩ ከተገኘ ያንኑ ዓይነት መግጠም ከሁሉ ይሻላል። ጫፉን በፈላ ውኃ አሙቀው ወዲያው ወደ አፉ ይግፉት። እሳት፣ ላይተርም ሆነ የሙቀት ማፍለቂያ መሣሪያ አይጠቀሙ፤ ናይሎኑ ይቃጠላል፣ አካባቢው ላይም የነዳጅ ትነት አለ።

ናይሎኑን በአር10 ለመተካት ከፈለጉ አፉን አስቀድመው ይመልከቱ። ለናይሎን ቱቦ የተሠራ አፍ እንደ ጽድ ዛፍ የተደራረቡ ስለታም ጥርሶች አሉት፤ እነዚህ ጥርሶች ናይሎኑን ነክሰው ለመያዝ የታሰቡ ናቸው። ላስቲክ ቱቦ ሲገባባቸው ውስጠኛውን ንብርብር ይቆርጡታል፤ ላዩ ላይ ፋሼታ ሲጠብቅ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል፣ አፉ ፕላስቲክ ከሆነም ሊሰነጠቅ ይችላል። ላስቲክ የሚስማማው ክብ ጉብታ ወይም አንድ ለስላሳ ጥርስ ያለው አፍ ነው።

መጠን፦ ስፋትና ርዝመት

የተለመዱት መጠኖች በኢንች ይጻፋሉ፦ 1/4 ኢንች 6.4 ሚሊ ሜትር፣ 5/16 ኢንች 7.9 ሚሊ ሜትር፣ 3/8 ኢንች 9.5 ሚሊ ሜትር ናቸው። ብዙ የኢንጀክሽን ፓምፖች 8 ሚሊ ሜትር ገደማ አፍ ስላላቸው 5/16 ይስማማቸዋል። ሆኖም በግምት አይግዙ። በካሊፐር የሚለካው ከጉብታው ጀርባ ያለው ቀጭኑ አንገት ነው፤ የቱቦው ውስጠኛ ዲያሜትር ከዚያ ጋር መመሳሰል አለበት። የፓምፑን አፍም የክዳኑን የብረት ቱቦም ይለኩ፤ ሁለቱ የሚለያዩበት ጊዜ አለ። አሮጌውን ቱቦ ለክተው አይግዙ፤ ካበጠ መጠኑ ተቀይሯል።

ሰፋ ያለውን ቱቦ በፋሼታ አጥብቆ ለማስተካከል መሞከር የታወቀ ስህተት ነው። ላስቲኩ ሲጨመቅ ውስጡ ይሸበሸብና በሽብሽቡ በኩል ነዳጅ ያሾልካል። በኃይል ብቻ የሚገባ ጠባብ ቱቦም ጫፉ ይቀደዳል።

ርዝመቱ የሚለካው ፓምፑ በማቀፊያው ላይ ቦታውን ይዞ ከተቀመጠ በኋላ ነው። በፓምፑ አፍና በክዳኑ ቱቦ ጫፎች መካከል ያለውን ክፍተት ይለኩና በሁለቱም በኩል ቱቦው የሚጠልቅበትን ርዝመት ይደምሩ። ለምሳሌ ክፍተቱ 40 ሚሊ ሜትር ሆኖ እያንዳንዱ አፍ 22 ሚሊ ሜትር የሚያስገባ ከሆነ የሚቆረጠው 84 ሚሊ ሜትር ነው። አዲሱ ፓምፕ ከአሮጌው ካጠረ ወይም ከረዘመ የአሮጌው ቱቦ ርዝመት አይጠቅምም።

የፓምፑ ማቀፊያ በስፕሪንግ የሚሠራ ከሆነ ጉዳዩ ይለያል። እንዲህ ያለው ማቀፊያ ሁልጊዜ የታንኩን ወለል እንዲነካ ወደ ታች ይገፋል፤ ስለዚህ ከታንኩ ውጭ ተዘርግቶ የሚታየው ርዝመት ታንክ ውስጥ ካለው ይበልጣል። ቱቦው ማቀፊያው ሙሉ ሲዘረጋ እንዳይወጠር፣ ሙሉ ሲጨመቅም እንዳይታጠፍ ሆኖ መቆረጥ አለበት። አር10 ግድግዳው ወፍራምና ጠንካራ ስለሆነ አጭር ቦታ ላይ አይተጣጠፍም፤ ስለዚህ ስፕሪንግ ላለው ማቀፊያ የፋብሪካው የተጨማደደ ቱቦ ይመረጣል። የተጠማዘዘ ቱቦ ያለበት ሞዴል ከሆነም ቅርጹን ይዞ የተሠራውን ይግዙ፤ ቀጥ ያለውን በግድ ማጠፍ መሐሉን ያጠብበዋል፣ ፓምፑም ሁልጊዜ ከመደበኛው በላይ እየገፋ ይሠራል።

ፋሼታው

ቀበቶው ላይ የጥርስ ቀዳዳ የተበሳበት ተራ ፋሼታ ሲጠብቅ ላስቲኩ በቀዳዳዎቹ በኩል ይወጣል፣ ይቆረጣልም። ለዚህ ሥራ የሚሆኑት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ቀበቶው ያልተበሳ፣ ጠርዙ ወደ ውጭ የታጠፈና በቡሎን የሚጠብቅ የኢንጀክሽን ፋሼታ ነው። ሁለተኛው በፒንሳ የሚጨመቅ «ጆሮ» ያለው የማይዝግ ብረት ፋሼታ ነው፤ ዙሪያውን እኩል ስለሚጨምቅና በንዝረት ስለማይላላ ታንክ ውስጥ እሱ ይሻላል። መጠኑ የሚመረጠው ቱቦው አፉ ላይ ከገባ በኋላ ባለው ውጨኛ ዲያሜትር ነው። ጆሮው ሳይጨመቅ ቱቦው ላይ በቀላሉ የሚንሸራተት፣ ሲጨመቅ ደግሞ ክፍተቱ ሊዘጋ የሚቀርበው ትክክለኛው ነው። ጆሮው ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ፋሼታው አሁንም በእጅ የሚዞር ከሆነ አንድ መጠን ዝቅ ይበሉ።

ቡሎን ያለውን ሲያጠብቁ ላስቲኩ በቀበቶው ጠርዝ ትንሽ ብቅ ማለት ሲጀምር ያቁሙ። ከዚያ በላይ ማጥበቅ መያዣውን አይጨምርም፤ ላስቲኩን ይቆርጣል፣ የፕላስቲክ አፍንም ይሰነጥቃል።

አገጣጠም

ሥራው አየር በሚዘዋወርበት ክፍት ቦታ ይሁን። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ በአቅራቢያ የሚበራ ምድጃ፣ የሚሞቅ አምፖል ወይም ብልጭታ የሚፈጥር መሣሪያ አይኑር። ለነዳጅ እሳት የሚሆን ማጥፊያ አጠገብዎ ይቀመጥ። ታንኩ ከሩብ በታች ቢሆን ሥራው ይቀላል።

1. የፓምፑን ፊውዝ ወይም ሪሌ ነቅለው ሞተሩን አስነስተው እስኪጠፋ ይጠብቁ፤ በመስመሩ ያለው ግፊት ይወርዳል። ከዚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍቱ።

2. ታንኩን ከመክፈትዎ በፊት ክዳኑ ዙሪያ ያለውን አፈርና አቧራ በብሩሽና በጨርቅ ያጽዱ። ይህን መዝለል አሸዋ በቀጥታ ወደ አዲሱ ፓምፕ መላክ ነው።

3. የነዳጅ መስመሮቹንና የኤሌክትሪክ ሶኬቱን ይንቀሉ። የክዳኑን ቀለበት በመዶሻ መምታት ካስፈለገ የናስ ወይም የእንጨት መምቻ ይጠቀሙ፤ ብረት በብረት ብልጭታ ያወጣል።

4. ማቀፊያውን አዘንብለው በቀስታ ያውጡ፤ የነዳጅ መጠን መለኪያው ክንድ እንዳይጣመም ይጠንቀቁ።

5. አሮጌውን ቱቦ በርዝመቱ በጥንቃቄ ሰንጥቀው ያውጡት። ቢላዋው አፉን እንዳይጭር፤ ጭረት የማፍሰሻ መንገድ ነው። የክዳኑ የብረት ቱቦ ከዛገ አዲስ ቱቦም አይይዝም፤ ዝገቱን በጣም ደቃቅ በሆነ የአሸዋ ወረቀት ያለስልሱ፣ ጉድጓድ ካለው ክፍሉን ይቀይሩ።

6. አር10ን በስለታም ምላጭ ቀጥ አድርገው በአንድ ጊዜ ይቁረጡ። መጋዝ ፍርፋሪና የተበጠሰ ክር ይተዋል። ውስጡን በንጹሕ አየር ይንፉ።

7. ሁለቱን ፋሼታዎች አስቀድመው ቱቦው ላይ ያስገቡ። አፉን በጥቂት ንጹሕ ቤንዚን ወይም የሞተር ዘይት አርጥበው ቱቦውን እስከ መጨረሻው ይግፉ። ግሪስ፣ ሲሊኮን ወይም ማሸጊያ ማስቲሽ አይቀቡ፤ የሲሊኮን ማስቲሽ ነዳጅ ውስጥ ተልጦ ወንፊት ይዘጋል።

8. ፋሼታው ከጉብታው ጀርባ፣ አንገቱ ላይ ይቀመጥ። ጉብታው ላይ ከተቀመጠ ሲጠብቅ ቱቦውን ወደ ውጭ ይገፋዋል። የቱቦው ጫፍ ላይም አይሁን፤ ከጫፉ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይራቅ።

9. ቱቦውን በእጅ ይሳቡ፣ ያዙሩ። ከተንቀሳቀሰ አልያዘም። የመጠን መለኪያው ተንሳፋፊ ቱቦውን ሳይነካ ከላይ እስከ ታች መንቀሳቀሱንም ይመልከቱ።

10. የክዳኑን ጎሚኒ በአዲስ ይተኩ። አሮጌው ነዳጅ ጠጥቶ ስለሚያብጥ ወደ ማረፊያው በደንብ አይመለስም።

ሽቦ ከቀጠሉ ለቱቦው የተባለው ሁሉ ለሽቦውም ይሠራል፤ ተራ የሽቦ ሽፋንና ማገጃ ቴፕ ነዳጅ ውስጥ ይበሰብሳል። ለነዳጅ ተብሎ ከተሠራ ሽቦና መጋጠሚያ ውጭ ሌላ አያስገቡ።

ፍተሻ

ባትሪውን መልሰው ቁልፉን ሁለት ሦስት ጊዜ «ኦን» ላይ ብቻ አድርገው ያጥፉት፤ መስመሩ ይሞላል። ጌጁን ሞተሩ አጠገብ ካለው የነዳጅ መስመር ጋር አገናኝተው ያንብቡ። በአብዛኞቹ የኢንጀክሽን ሞተሮች ግፊቱ ከ3 እስከ 4 ባር ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር በመኪናው መመሪያ ውስጥ አለ። ሞተሩ ሲነሳና ነዳጅ ሲሰጠው ግፊቱ መውደቅ የለበትም።

ከዚያ ሞተሩን አጥፍተው 5 ደቂቃ ይጠብቁ። ግፊቱ በፍጥነት ከወረደ ምክንያቱ ቱቦው ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ነዳጁ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው የፓምፑ ቫልቭ፣ የግፊት መቆጣጠሪያው ወይም የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተርም ያው ምልክት ይሰጣሉ። ለመለየት ፓምፑ እየሠራ ያለውን ግፊት ይመልከቱ። ፓምፑ ሲሠራ ግፊቱ ሙሉ ሆኖ ሲቆም ብቻ የሚወርድ ከሆነ ወደ ቫልቩና ወደ ኢንጀክተሮቹ ይሂዱ። ፓምፑ እየሠራም ግፊቱ ካነሰ፣ ወንፊቱ ንጹሕ ከሆነና ፓምፑ ሶኬት ላይ ያለው ቮልቴጅ ከባትሪው ብዙ ካልራቀ፣ ወደ ታንኩ ተመልሰው መጀመሪያ ፋሼታዎቹን፣ ቀጥሎም የቱቦውን ጫፎች ይመልከቱ።

የተረፈውን የአር10 ቁራጭ ሞተር ክፍል ውስጥ አይጠቀሙበት፤ እዚያ ያለውን ሙቀትና አየር ታሳቢ አድርጎ የተሠራው አር9 ነው። ቁራጩን ጽሑፉ እንዲታይ አድርገው፣ ከፀሐይና ከሙቀት ርቆ ያስቀምጡት።